ብቻዋን ለመጣች ሴት የሚሆን ጠረጴዛ

የዱባይዋን ዴይራ የሚያውቅ ሀበሻ ሁሉ ፍሪጅ ሙራር የሚባለውን ሰፈር ያውቃል። እንጀራው፣ በርበሬው፣ የሀበሻ ቀሚሱ፣ ሹሩባ የሚሠሩት እህቶች፣ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚያደርሱት ካርጎዎች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ከዚያ በእግር ብዙም ሳይርቁ በሜትሮው ቀይ መስመር አል ሪጋ ጣቢያ አካባቢ ሲደርሱ የመንገዱ ቋንቋ ይለወጣል። ታጋሎግ ይሰማል። የፊሊፒኖች ዳቦ ቤት፣ የፊሊፒኖች ፀጉር ቤት፣ ሰው የሚያህል ካርቶን በፕላስተር የሚያሽጉ የፊሊፒኖች ካርጎዎች፣ በየመሐሉ ደግሞ ምግብ ቤቶቻቸው።

ከእነዚያ ምግብ ቤቶች ስለ አንዱ ልጽፍ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሳትዋም ካራማም ውስጥ እሱን የመሰሉ ሞልተዋል፣ የምናገረውም ለብዙዎቹ ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ክንድ የሚያህሉ የእንጨት ማንኪያና ሹካ ተሰቅለዋል፤ አገራቸው በብዙ ቤት የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ የሚሰቀሉ ጌጦች ናቸው። ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ላስቲክ ለብሰዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት የአቼቶ ጠርሙስ፣ ሶያ ሶስ፣ ከዓሣ የሚወጣ ፓቲስ የሚሉት ጨዋማ ፈሳሽ፣ ካላማንሲ የሚባሉ ከእኛ ሎሚ በብዙ የሚያንሱ ፍሬዎችም በትንሽ ሳህን ይቀመጣሉ። የቀረበልሽን ምግብ እንደ ምላስሽ አስተካክለሽ ትበያለሽ፤ ያበሰለው ሰው አይቀየምም። እንዲያውም እንድታስተካክዪው ይጠብቃል።

መጀመሪያ የወሰደችኝ በአንድ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረች፣ ባታንጋስ ከሚባል የፊሊፒንስ አውራጃ የመጣች ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለችና አቴ እላታለሁ፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እሷ ልጆቹንና ኩሽናውን፣ እኔ ጽዳቱንና ልብሱን ነበር የያዝነው። የኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ በየቤቱ እኩል አይገባም፤ በዚያ ቤት ግን ኦፍ አልተከለከልንም። አቴ ኦፍ በወጣች ቁጥር መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ገንዘብ መላኪያ፣ ቀጥሎ ይህ ምግብ ቤት ነበር ሥርዓቷ። ሥርዓቱን ወርሻለሁ፤ አሁን የሰው ቤት ሥራ ትቼ የውበት ሳሎን ብገባም እዚያ መሄዴን አልተውኩም።

ምግቡ ከመስተዋት ጀርባ በትሪ ተደርድሮ ይጠብቃል። ትቆሚያለሽ፣ ታያለሽ፣ በጣትሽ ታሳያለሽ። ይህን፣ ከዚያም ትንሽ። ሜኑ ማንበብ የለም፣ እንግሊዝኛ መጨነቅ የለም። እነሱ ራሳቸው አገራቸው በየመንገዱ ዳር በዚህ መልክ ነው የሚበሉት። አንድ ጭልፋ ወጥ፣ አንድ ኩባያ ተጭኖ የተገለበጠ ሩዝ፣ ከፈለግሽ ሾርባ። ሩዝ ለእነሱ እንጀራችን ነው፤ ሌላው ሁሉ ማባያ ነው። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይዘው በሹካው ወደ ማንኪያው ይገፋሉ፣ ቢላዋ አይቀርብም። ደስ ሲላቸው ደግሞ እጃቸውን ታጥበው በጣታቸው ሩዙን ሰብስበው በአውራ ጣት ወደ አፍ ይገፉታል። አጠገባቸው ስታልፊ እንብላ ይሉሻል። የማያውቁሽም ይሉሻል።

የቤቱን ባለቤት ሁሉም ናናይ ይሏታል፣ እናታችን እንደ ማለት። ሰው ሲገባ ስለ ጤናው ከመጠየቋ በፊት በልተህ እንደሆነ፣ በልተሽ እንደሆነ ትጠይቃለች። ምግብ ቤት ገብቶ ይህ ጥያቄ መጠየቁ ለሌላ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የእናቶቻችን ጥያቄ ነውና እናውቀዋለን። የምትጠይቀው ለመሸጥ አይደለም። በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያበስል ውሎ ሳይበላ ሊወጣ እንደሚችል ስለምታውቅ ነው። እሷም እዚያ ያለፈች ናት።

እዚህ ላይ ልቆይ። የሰው ቤት የሠራች ሴት ይገባታል፦ ከሁሉም በኋላ መብላት፣ ቆሞ መብላት፣ ሲጠሩሽ ጉርሻውን በአፍ ይዞ መሮጥ። ማንም ክፉ ሳይሆንብሽ እንኳን የሥራው ጠባይ ነው። ሳህኑን የምታነሺው አንቺ ነሽ፣ የምታጥቢውም አንቺ። ከዚያ አንድ ቀን ወጥተሽ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ሌላ ሰው ሳህን ያቀርብልሻል፣ ስትጨርሺም ሌላ ሰው ያነሣልሻል። አቴ ሳህኗን ራሷ ልታነሣ ስትል ናናይ እጇን ያዝ አድርጋ መልሳ ስታስቀምጣት አይቻለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴቶች አብዛኞቹ ሞግዚቶች፣ አብሳዮች፣ ጽዳቶች፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ ነርሶች ናቸው። ስድስት ቀን ሲያገለግሉ ከርመው በሰባተኛው ይገለገላሉ። ምግቡ የሚጣፍጠኝ አንድም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን ምግቡም ራሱ ይጣፍጣል፤ ስለሱ ካልተናገርኩ በደል ነው።

አዶቦ ዋናቸው ነው። ዶሮው በአቼቶ፣ በሶያ ሶስ፣ በብዙ ነጭ ሽንኩርት፣ በፍሬው ቁንዶ በርበሬና ሎሬል በሚሉት ደረቅ ቅጠል ይበስላል። ውኃው እየጎደለ፣ አቼቶው ኃይሉ እየበረደ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሥጋው ላይ ይጣበቃል። አቴ እንደምትለው አቼቶው ከገባ በኋላ እስኪፈላ ድረስ ማማሰል አይፈቀድም፣ አለበለዚያ ጥሬነቱ አይለቅም። ሥሩ ምግብን ለማቆየት የተፈለሰፈ አሠራር ነው፤ በዚያ ሙቀትና ወበቅ ሥጋን ከመበላሸት የሚያድነው አቼቶና ጨው ነበር። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ሲመጡ ሲበላ አገኙት፣ የራሳቸውን አዶቦ ስለመሰላቸው ያንን ስም ሰጡት። ስሙ የውጭ ነው፣ ድስቱ የነሱ። በማግሥቱ ሲበሉት ይበልጣል፤ ይህንንም የዶሮ ወጥ አድሮ ሲሞቅ የቀመሰ ሰው አይከራከርም። አገር ቤታቸው በአሳማም ይሠራሉ፤ እዚህ ቤት ግን አሳማ የለም፣ ዶሮና በሬ ብቻ ነው። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹም ለሙስሊም እህቶቻችንም በሩ ክፍት የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሲኒጋንግ ደግሞ ኮምጣጣ ሾርባ ነው። የሚያኮመጥጠው ሁመር ነው፣ ዐረቦቹ ተመር ሂንዲ የሚሉት፤ ድሬዳዋና ሐረር የኖረ ሰው ጭማቂውን ያውቀዋል። ውስጡ ቲማቲም፣ ነጭ ራዲሽ፣ ፎሶሊያ፣ ደበርጃን፣ ረዥም አረንጓዴ ቃሪያ ይገባል። ሾርባ ኮምጣጣ ሲሆን የብዙ አገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። በኮምጣጣ እንጀራ ያደገ ምላስ ግን ቶሎ ይቀበለዋል፣ እኔ ከመጀመሪያው ማንኪያ ነው የወደድኩት። በጉንፋን ወቅት ከዚህ የሚያስበልጡት ነገር የላቸውም። እኔም የለኝም።

ካሬ ካሬ የሚሉት የበሬ ጭራና ጨጓራ በኦቾሎኒ መረቅ ይሠራል፣ መረቁን የሚያወፍረው የተፈጨ ኦቾሎኒና የተቆላ ሩዝ ነው። ከጎኑ ከሽሪምፕ የሚዘጋጅ ጨዋማ ነገር ይቀርባል፣ እኔ ሽሪምፕ አልበላምና በጨው እወስደዋለሁ። ጨጓራ በዱለት ለምዶ ለመጣ ሰው ይህን ወጥ ማስለመድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጾሙ። በሁዳዴ ከአቴ ጋር እንዲሁ ልቀመጥ ብዬ ገባሁ፤ ሻይ ብቻ አዘዝኩ። ናናይ መጣች። ምን አትበዪም አለችኝ። ሥጋ አልኳት። አውቃለሁ፣ እኛም በጾማችን ዓርብ ሥጋ አንበላም አለችኝ። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ እኔ ዓሣም አልኳት። ቆጠረችና ወደ ውስጥ ገባች። ከቆይታ በኋላ ይዛ የወጣችው ወፍራም አረንጓዴ ወጥ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ቁሌት ላይ የተጨመረ ጥራጥሬ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ ቅጠል። ፓቲስ አልገባበትም፣ ጨው ብቻ ነው አለችኝ። ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት ነበር የሠራችው።

ጥራጥሬው ማሾ ነበር።

የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ቀወት ነው። ማሾ የእኛ ቆላ አዝመራ ነው፤ አባቴ ዘርቷል፣ እኔም ከወንድሞቼ ጋር ለቅሜአለሁ። ግን ማሾ ለእኛ የሚሸጥ ነገር ነበር። ነጋዴ ይወስደዋል፣ ምርት ገበያ ይገባል፣ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ይጫናል። ቤት ውስጥ ምሥርና ሽሮ ነበር የምንበላው። ያደግኩበትን እህል በሕይወቴ በወግ በሳህን ቀርቦልኝ የበላሁት ዴይራ ውስጥ፣ ከፊሊፒናዊት እጅ ነው። ለአባቴ በስልክ ነገርኩት፤ እንዴት እንደተሠራ ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ እናቴም ስልኩን ተቀብላ አጻጻፈችኝ። አሁን በጾም ቀን ይሠሩታል። ፊሊፒኖቹ ደግሞ ማሾን በተለይ ዓርብ ዓርብ ይበሉታል፣ ከካቶሊክ ጾማቸው የመጣ ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጭስ የደረቀ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይጨምሩበታል፣ ስለዚህ ጿሚ ከሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ላዩ ላይ የነበረው ቅጠል ማሉንጋይ ይባላል፣ የእኛ ሽፈራው ዘመድ ነው። ኮንሶዎችና የጋሞ ሰዎች ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው እንደሚበሉት እነሱም በዶሮና በዝንጅብል ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል፤ አራስ ሴት ወተቷ እንዲበዛ ያጠጧታል። ከቢኮል ምድር የመጣ ምግባቸውም አለ፣ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተትና በቃሪያ። ጎደሬን ሥሩን ብቻ የምናውቅ ሰዎች ቅጠሉን ስንበላ እንገረማለን። ማጣጣሚያ ላይ የሚያመጡት ሐምራዊ አይስክሬም ከኡቤ ነው፣ እሱም የቦዬ ዘመድ። አንድ ቀን ወላይታ የሆነች ጓደኛዬን ወስጄ ቦዬ በአይስክሬም መልክ ስትበላ አይቼ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የልደት ቀን ፓንሲት ይታዘዛል፣ ከቻይና ነጋዴዎች የወረሱት ቀጭን ፓስታ መሰል ነገር። ረዥም ዕድሜ ነውና አይቆረጥም።

አሁን ስለ ገንዘብ። ደሞዛችንን የተነጋገርነው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለቤት ሠራተኞቿ ዝቅተኛው የወር ደሞዝ 400 ዶላር እንዲሆን ወሰነች። እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ የሠራተኛ ሕጋቸው ጀምሮ መንግሥታቸው ወደ ውጭ የሚወጣውን ሠራተኛ እንደ ትልቅ የአገር ጉዳይ ይዞ ሲያደራጅ ኖሯል። የኛ አገር በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደች፣ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣች፣ እገዳው እስኪነሣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሄደ፤ በዚያ ሁሉ መሐል በየበረሃውና በየጀልባው የሄደው ሄዷል። አቴ ውሏን ነገረችኝ፣ እኔም የኔን። የእሷ በብዙ ይበልጣል። አንድ ቤት፣ አንድ ማዳም፣ የማያልቅ ሥራ፣ ደሞዙ ግን በፓስፖርታችን ነበር የተቆረጠው። አቴ ዝም አላለችም፣ አላጽናናችኝምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ሂሳብ እሷ ትከፍል ነበር፤ ስከራከራት አንቺ ደሞዝሽ ሲስተካከል ትከፍያለሽ ትለኝ ነበር። ሳሎን ስገባ ከፈልኩ። አሁን በየተራ ነን። ውሌ ላይ የተጻፈውን እንዳነብ፣ ምን እንደሚገባኝ እንድጠይቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ኤጀንሲ አይደለም፣ ቢሮ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በሆዴ ወዳለው ነገር ልምጣ። ፍሪጅ ሙራር ያሉትን ምግብ ቤቶቻችንን እወዳቸዋለሁ። እንጀራቸው ከአገር ቤት የመጣ ይመስላል፣ ቡናቸው በሥርዓት ይፈላል። ግን ብቻዋን ለመጣች ሴት አልተሠሩም። በያይነቱ ሲቀርብ ለሁለት ለሦስት ሰው ነው፣ ክትፎውም ጥብሱም ዋጋው ተካፍለው እንዲከፍሉት የተቆረጠ ነው። ብቻሽን ገብተሽ ስትቀመጪ አስተናጋጁ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ ይልሻል፤ ጥግ ላይ የተቀመጡ ወንዶች ያዩሻል። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚል አገር ልጆች ነን፤ ገበታ ማለት ለእኛ ብዙ እጅ ነው። አባባሉ ቀወት ውስጥ ልክ ነው። ዴይራ ውስጥ ግን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አንዳንዷም በወር አንዴ፣ ከምሳ እስከ መግሪብ ብቻ የተፈቀደላት ልጅ አለች። ጓደኞቿ በሌላ ቀን ነው የሚወጡት። ገበታ የሚሞላላት ሰው የት ታምጣ?

ፊሊፒኖቹም ብቻውን የሚበላ ሰው አይወዱም፤ በግብዣ ጊዜ የሙዝ ቅጠል ጠረጴዛ ሙሉ አንጥፈው፣ ሩዙን መሐል ለመሐል ዘርግተው በአንድነት የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ብቸኛዋን ሴት ከነሙሉ ክብሯ ማስቀመጫ አግኝተዋል። ጭልፋው ትንሽ ስለሆነ የአንድ ሰው ምሳ ከአንድ ሰው ኪስ ይከፈላል። ትሪዎቹ ተደርድረው ስለሚታዩ ዋጋ መጠየቅና ማፈር የለም። ጠረጴዛው ረዥም ስለሆነ ብቻሽን ገብተሽ ብቻሽን አትቀመጪም። አጠገብሽ ያለችው የልጇን ፎቶ ታሳይሻለች፣ በፊት ለፊት ያለችው ካላማንሲውን ትገፋልሻለች። በቴሌቪዥኑ ሰው ሲዘፍን አብረው ይዘፍናሉ። የሴቶች ቤት ነው፤ ስድስት ቀን አንገቷን ደፍታ የሰነበተች ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ የምትስቅበት ቤት።

ይህን ለአንዲት ፍሪጅ ሙራር ምግብ ቤት ላላት እህታችን ነግሬአታለሁ። መጀመሪያ እንጀራ በትሪ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ይደርቃል ብላ ተከራከረችኝ፣ እውነቷን ነው፤ እንጀራ እንደ ሩዝ በእንፋሎት አይጠብቅም። ስለዚህ እንጀራው ሲታዘዝ ከመሶቡ ይነሣል፣ ወጦቹ ብቻ በትሪ ሆነው ከመስተዋት ጀርባ ይታያሉ፣ አንድ ጭልፋ በአንድ ዋጋ፣ ግማሽ እንጀራም ይሸጣል ተባባልን። መጨረሻ ካለው የቤተሰብ ክፍል መጋረጃው ይነሣና አንድ ረዥም ጠረጴዛ ይገባል፤ እሑድ እሑድ ለሴቶች ይያዛል። ሽሮ፣ ምሥር፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት፣ በፍስክ ቀን ዶሮና አልጫ። የማሾውንም አሠራር ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ለመጀመሪያው እሑድ አቴን ጋብዣለሁ፣ ናናይም ምግብ ቤቷን ለረዳቷ ትታ ብቅ እላለሁ ብላለች። ኦፍ ያላችሁ ኑ፣ የሌላችሁም ለሚያወጧችሁ አስቀድማችሁ ንገሩና በተራችሁ ኑ። ከአል ሪጋ ጣቢያ ወርዳችሁ የምትጠፉ ከሆነ በገጹ መልእክት ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።